የነቀዝ ነቀዝ

ነቀዝ እህል ብቻ አይበላም። ጊዜም ይበላል። ይህን ያልተረዳ ሰው የገበሬውን ድህነት ሲተነትን ቢውል የሚያወራው ግማሹን ብቻ ነው።

እንዴት ቢባል፤ በምዕራብ ጎጃም በቆሎ የሚሰበሰበው ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው። ያኔ ሁሉም ሰው እኩል ስላመረተ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን በጥር ሸጦ በሐምሌ ይገዛል?

አንዱ ምክንያት ዕዳ ነው። የማዳበሪያው ክፍያ፣ የልጅ ደብተር፣ የሰርግና የተዝካር ወጪ። ሌላው ምክንያት ግን ብዙ አይወራለትም። እህሉን እስከ ክረምት ላቆየው ቢል የሚጠብቀው ዱቄትና ቀፎ ነው። ስለዚህ «ነቀዝ ከሚበላው ነጋዴ ይብላው» ብሎ በርካሽ ይሸጣል። ነጋዴው መጋዘን አለው፣ መድኃኒት አለው፣ መጠበቅ ይችላል። ገበሬው መጠበቅ አይችልም። በሁለቱ መካከል የቆመችው ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ጥንዚዛ ናት።

በዚያው አካባቢ በአንድ በቆሎ አብቃይ ቀበሌ የሚሰራ አንድ የልማት ጣቢያ ሰራተኛ አለ። ስሙ እዚህ አያስፈልግም። እሱን የመሰሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸውና። ስራው ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና በመስመር ስለ መዝራት ማስተማር ነው። በየዓመቱ የሚሞላው ቅጽ አለ። በሄክታር ስንት ኩንታል ተመረተ? ቁጥሩ ካለፈው ዓመት በልጦ ከተገኘ ጭብጨባ አለ። ይህ ሰው ለዓመታት ቅጹን ሲሞላ ከቆየ በኋላ አንድ ነገር ከነከነው። ቅጹ ላይ በታህሳስ ስንት ገባ የሚል ሳጥን አለ፤ በነሐሴ ስንት ቀረ የሚል ግን የለም። ገበሬው ተጨማሪ አምስት ኩንታል እንዲያመርት ሲወተወት ይከርማል። ያቺው አምስት ኩንታል በጎተራ ውስጥ ስትጠፋ ግን የሚመዘግባት የለም።

ነቀዝን ለማሸነፍ መጀመሪያ ተንኮሏን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሴቷ ነቀዝ እንደ ኩምቢ ሾጠጥ ባለው አፏ የበቆሎዋን ፍሬ ትቦረቡራለች። በቀዳዳው ውስጥ አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ቀዳዳውን ሙጫ በመሰለ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከውጭ ሲታይ ፍሬው ደህና ነው። ውስጥ ግን ትሉ ተፈልፍሎ ቤቱን ራሱን እየበላ ያድጋል። ሙቀቱና እርጥበቱ ከተመቸው በአምስት ሳምንት ገደማ ጥንዚዛ ሆኖ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። አንዷ ሴት በዕድሜዋ ከመቶ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የሚገርመው ደግሞ ጉዳዩ ከጎተራ አለመጀመሩ ነው። በቆሎው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሲደርቅ ነቀዝ በርራ ትገባበታለች። ገበሬው እህሉን ወደ ቤት ሲያስገባ ጠላቱንም አብሮ ተሸክሞ ይገባል።

እናቶቻችን ይህን ሳይንስ በስሙ ባይጠሩትም መላውን ያውቁ ነበር። አመድ ይነሰንሳሉ። የብሳና ቅጠል ያደርጋሉ። በቆሎውን ወይም ባቄላውን ከጤፍ ጋር ይቀላቅላሉ። የጤፍ ፍሬ ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ልጅ ልታሳድግበት አትችልም፤ በትልልቆቹ ፍሬዎች መካከል ገብቶም መተላለፊያውን ይዘጋባታል። አመዱም ቆዳዋን ይፍቃታል፣ ያደርቃታል። እነዚህ ዘዴዎች እህሉ ጥቂት ሲሆን ይሰራሉ። ሃያና ሰላሳ ኩንታል ሲሆን ግን ያን ያህል አመድ ከየት ይመጣል? ደግሞም «ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉት፣ እንጨቱን ሁሉ ማን አስተማረና» ይባል የለ? መድኃኒት የተባለው ሁሉ ነቀዝ አይደፍረውም ማለት አይደለም።

ከዚያ ክኒኑ መጣ።

የነቀዝ ክኒን የሚባለው አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ እስከ ፍሬው ውስጥ ዘልቆ ትሉንም ይገድላል። በአግባቡ ከተያዘ ጉልበተኛ መድኃኒት ነው። አግባቡ ግን ምን ይጠይቃል? አየር የማያስወጣ መጋዘን፣ ለቀናት ሳይከፈት መቆየት፣ የሰለጠነ ሰው፣ ከሰው መኖሪያ መራቅ። የገበሬው ጎተራ ደግሞ ምን ይመስላል? ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት የተሰራ፣ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ በሁሉም በኩል የሚተነፍስ። ብዙ ጊዜ እህሉ ያለው በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ነው። ሌሊት ጋዙ እህሉን ትቶ ሰዎቹን ያገኛቸዋል። በዚህ ጋዝ ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችና ሕፃናት ታሪክ በኢትዮጵያም በሌላውም ዓለም ተደጋግሞ ተሰምቷል። ክኒኑ በንዴት ሰዓት በየቤቱ መገኘቱ ያመጣውን ጥፋት የገጠር ጤና ጣቢያ ሰራተኞች ያውቁታል።

ሌላም ጣጣ አለው። ጋዙ በሚያፈስ ጎተራ ውስጥ ሲለቀቅ ነቀዙን ሁሉ አይገድልም። ደካማውን ገድሎ ጠንካራውን ያስቀራል። የቀረው ይራባል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባደረገው ዳሰሳ ፎስፊንን የለመዱ የመጋዘን ነፍሳት በብዙ አገሮች ተገኝተው ነበር። ይህ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ሰው እየሞተበት ነቀዝ የሚለምደው መድኃኒት የመጨረሻው መልስ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ሌላ ምን አለ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ነቀዝም ነቀዝ አላት።

ቦቨሪያ ባሲያና የሚባል ፈንገስ አለ። ሜታሪዚየም የሚባልም አለ። ሁለቱም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ምግባቸው ነፍሳት ነው። ዱቄት የመሰለው ዘራቸው ጥንዚዛዋ ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል። ያቆጠቁጣል። ቆዳዋን የሚያሟሟ ኢንዛይም እያመነጨ፣ በጉልበትም እየገፋ ይበሳታል። ልብ በሉ፤ መብላት አያስፈልጋትም፣ መንካት ብቻ ይበቃል። ከገባ በኋላ በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ይራባል፣ ምግቧን ይሻማታል፣ መርዝም ያመነጫል። በጥቂት ቀናት ወይም በሳምንት ሁለት ሳምንት ትሞታለች። እርጥበት ካለ ሬሳዋ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ይታያል። በሌላ ቋንቋ፣ እሷ ፍሬዋን ከውስጥ እንደበላቻት እሷንም ከውስጥ ይበሏታል።

ይህ የትናንት ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ በዘመኑ የሐር ትሎችን በየጊዜው እየፈጀ አርቢዎችን የሚያደኸይ በሽታ ነበር። የሞቱት ትሎች ኖራ የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። ባሲ ለረጅም ዓመታት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1835 በሽታውን የሚያመጣው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ፈንገስ መሆኑን አሳወቀ። ፓስተርና ኮኽ ከመምጣታቸው በፊት ነው ይህ። «ባሲያና» የሚለው ስም ከእሱ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ደግሞ ኢልያ ሜችኒኮፍ ኦዴሳ አካባቢ ስንዴ የሚያጠፋ ጥንዚዛን በሜታሪዚየም ለመግደል ሞከረ። ኋላ በሰውነት መከላከያ ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። በባሲ ጊዜ የሐር አርቢው ጠላት የነበረው ዓይነት ሻጋታ በሜችኒኮፍ ጊዜ የገበሬው ወዳጅ ሊሆን ታጨ። ልዩነቱ ማንን ገደለ የሚለው ብቻ ነው።

ቅርብ ያለውን ካነሳን፣ በ2012 ዓ.ም. ምስራቅ አፍሪካን የወረረውን አንበጣ ማን ይረሳል? ሶማሊያ በመከላከሉ ስራ የሜታሪዚየም ዝርያ በሆነ ፈንገስ በሰፊው ተጠቅማለች። ከብቱን፣ ግጦሹንና ንቡን ስለማይጎዳ ነው የተመረጠው። ለነቀዝም ቢሆን የአገራችን አፈር ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተገኙ የእነዚህ ፈንገሶች ዝርያዎች በበቆሎ ነቀዝና ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ አፍሪካ በገባው ትልቁ የእህል ቦርቧሪ ላይ ተሞክረው ገዳይነታቸው ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ አንድ ገበሬ ወደ ወረዳ ከተማ ወርዶ የነቀዝ መድኃኒት ቢጠይቅ የሚሰጠው ግን ያው ክኒኑ ነው።

የልማት ጣቢያው ሰራተኛ ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ልቡ ሞላ። አንድ ቀን በቆሎ ሲያበጥሩ ላገኛቸው አንዲት እናት ነገሩን አነሳላቸው።

«እማማ፣ ነቀዙን የሚገድል ሻጋታ አለ ቢባሉ ምን ይላሉ?»

«ሻጋታ? አንተ ልጅ! ሻጋታ እንዳይገባ አይደል እንዴ ዕድሜዬን ስለፋ የኖርኩት? በገዛ እጄ ላስገባው?»

«ይሄኛው እህል አይበላም። ነቀዝ ነው የሚበላው።»

«ማን ነገረህ? ጠይቀኸዋል?»

ሳቀ። ቆይቶ ከሌላ በኩል መጣ። «የጠላው ድፍድፍ ውስጥ የሚያፈላው ምንድን ነው? የእንጀራውስ እርሾ?»

«እሱማ እርሾ ነው።»

«እርሾ ውስጥ ያለውም እኮ የሻጋታ ዘመድ ነው።»

«እንግዲያው ዘመድ ሁሉ አንድ አይደለም በለኛ።»

«እሱን ነው የምልዎት።»

እናትየው ወንፊታቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «እሺ ይሁን። ከእህሉ ጋር ተፈጭቶ ልጅ ቢበላውስ?»

ሰራተኛው የሚያውቀውን ነገራቸው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በሰው ሰውነት ሙቀት ላይ ማደግ እንደሚያቅታቸው፣ በሌሎች አገሮች አትክልት ላይ እንዲረጩ ተፈቅደው እንደሚሰሩ አስረዳ። ለሚበላ እህል ግን ትክክለኛው ዝርያ በአገር ውስጥ ተፈትሾ በሚመለከተው አካል መፈቀድ እንዳለበት አልደበቃቸውም።

«እንግዲያው ልጄ፣» አሉ እናትየው፣ «ሲፈቀድ መጀመሪያ ካንተ ጎተራ ጀምረው።»

ይህ መልስ የእምቢታ መልስ አይደለም። ከብዙ የምርምር ወረቀት የበለጠ ሳይንስ አለበት። የእናትየው ፍርሃት መሰረት አለው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ እርጥበት ባገኘ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምስራቅ ኬንያ በዚህ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ስለዚህ «ሻጋታ» ሲባል የሚደነግጥ ገበሬ ኋላቀር ሊባል አይገባም። ባለሙያው ነው ልዩነቱን ማስረዳት ያለበት። አንዱ ሻጋታ እህል ይመርዛል፣ ሌላው ነፍሳት ያድናል። እንዲያውም ነቀዝ ራሷ የመጥፎው ሻጋታ በር ከፋች ናት። ፍሬውን ስትበሳ መግቢያ ትሰራለታለች። በብዛት ስትተነፍስ እህሉን ታሞቀዋለች፣ ታረጥበዋለች። በሰውነቷም ዘሩን ከፍሬ ወደ ፍሬ ታደርሳለች። ነቀዝን የቀነሰ የአፍላቶክሲንንም መንገድ ያጠበበ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ማንም ሰው የሻገተ ነገር አንስቶ እህል ላይ እንዳይነሰንስ! እየተወራ ያለው በላብራቶሪ ተለይቶ፣ ንጽህናው ተጠብቆ፣ ብቻውን ስለተባዛ ዝርያ ነው። በዓይን ብቻ አይቶ ወዳጁን ከጠላቱ መለየት አይቻልም።

ፈንገሱ ተአምር አይሰራም። ክኒኑ በቀናት የሚጨርሰውን እሱ ሳምንታት ይፈጅበታል። በፍሬ ውስጥ የተደበቀውን ትል አይደርስበትም፤ ጥንዚዛ ሆኖ እስኪወጣ ጠብቆ ነው የሚይዘው። ደረቅ እህል ውስጥ የሞተችው ነቀዝ ብዙ ጊዜ ሻጋታ አታበቅልም፤ ስለዚህ በሽታው እንደ ወረርሽኝ ራሱን እያዛመተ ይቀጥላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ኃይለኛ ሙቀት ያዳክመዋል። ሁሉንም ተባይ እኩል አይገድልም፤ ቀይዋ የዱቄት ጥንዚዛ ከሰውነቷ በምታመነጨው ኬሚካል ትከላከለዋለች። ዱቄቱ ሲነሰንስ ሳንባ የሚያስቆጣው ሰውም ይኖራል፤ አፍና አፍንጫ መሸፈን ግድ ነው።

በሌላ በኩል ጎተራ ለፈንገሱ ከማሳ የተሻለ ቤት ነው። ማሳ ላይ ትልቁ ጠላቱ የፀሐይ ጨረር ነው። ጎተራ ጨለማ ነው። ዝናብ አያጥበውም፣ ነፋስ አይወስደውም። ነቀዟም የትም አትሄድም፤ በዘሩ ውስጥ ስትርመሰመስ ነው የምትውለው። ከዲያቶማይት ዱቄት ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሁለቱ ይተጋገዛሉ። ዲያቶማይት በጥንት ሐይቆች ከኖሩ በዓይን የማይታዩ ህዋሳት ቅርፊት የተከማቸ ነጭ አፈር ነው። የነቀዟን የሰም ሽፋን ይፍቃል፣ ፈንገሱ በቀላሉ ይገባል። የእናቶቻችን አመድ ስራ በተሻለ ጉልበት ማለት ነው። ይህ ማዕድን በስምጥ ሸለቆአችን፣ በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ይገኛል። ፈንገሱ ከአፈራችን፣ ዱቄቱ ከምድራችን። የጎደለው አገናኙ ነው።

«ቴክኖሎጂው ውድ ነው» የሚል ሰበብ ይነሳ ይሆናል። እነዚህን ፈንገሶች በተቀቀለ ሩዝ ላይ ማባዛት ይቻላል። ኩባ የሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተቋርጦባት ኬሚካል ሲያጥራት በየአካባቢው ባቋቋመቻቸው ትናንሽ ማዕከላት ቦቨሪያንና ሜታሪዚየምን እያባዛች ለእርሻዋ አውላለች። ብራዚል በሸንኮራ አገዳ ማሳዎቿ ላይ ሜታሪዚየምን በሰፊው ትጠቀማለች። ከባዱ ጥራቱን መጠበቅ ነው። የሞተ ዘር የተሞላ ከረጢት ለገበሬ መሸጥ ከስርቆት አይለይም። አንዴ የተታለለ ገበሬ ደግሞ ሁለተኛ አይመለስም።

የልማት ጣቢያው ሰራተኛም ነገሩን ቅደም ተከተል አስያዘው። ፈንገሱ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ዛሬ ለገበሬው የሚነግረው የሚቻለውን ነው። እህሉን በደንብ አድርቁ። አሮጌውን እህል ጠርጋችሁ ሳታወጡ አዲሱን አታስገቡ። አቅም ያለው አየር የማያስገባውን ድርብርብ ከረጢት ይግዛ፤ ውስጡ ያለችው ነቀዝ አየር አጥሯት ትሞታለች። ክኒኑን ከመኝታ ቤት አውጡ። ከረጢቱ ግን አይጥ ይበሳዋል፣ በየጊዜው ይገዛል፣ ሃያ ኩንታል ለሚያገባ ሰው ወጪው ይከብዳል። ለሚተነፍሰው ጎተራ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። የፈንገሱ ቦታ እዚያ ነው።

ጥያቄው አሁን ለተመራማሪውና ለበጀት መዳቢው ነው። ከኢትዮጵያ አፈር የተገኘ፣ በቤተ ሙከራ ነቀዝ መግደሉ የታየ ነገር ስለምን በገበሬ ጎተራ ውስጥ በስፋት አይፈተሽም? ደህንነቱ ተመርምሮ ይሆናል ወይም አይሆንም የሚል ቁርጥ ያለ መልስ ስለምን ለገበሬው አይሰጠውም? አይሆንም ከተባለም እሱም መልስ ነው። በመደርደሪያ ላይ የተኛ ጥናት ግን ነቀዝ ከበላው እህል አይለይም፤ ከውጭ ሙሉ ይመስላል፣ ሲነኩት ዱቄት ነው።

መጀመር የሚቻለው ደግሞ ገንዘብ ከማይጠይቀው ነገር ነው። በዚያ ቅጽ ላይ አንዲት ሳጥን ትጨመር። በነሐሴ ስንት ቀረ? ይህ ቁጥር በየዓመቱ ከየቀበሌው ተሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ ነቀዝ ከገበሬው ላይ ስንት እህልና ስንት ወር እንደምትሰርቅ ማንም ሊክድ አይችልም።